ለእህቴም ለሐኪሟም ዋሸሁ

ለእህቴ «ሐኪሙ ያውቃል፤ ፈቅዷል» አልኳት። ለሐኪሙ ደግሞ «ምንም የምትወስደው ነገር የለም» አልኩት። ሁለቱም ውሸት ነበር። በእነዚህ ሁለት ውሸቶች ምክንያት እህቴ ካንሰሩ ጉበቷ ገብቷል ብላ ሳምንታት ሙሉ በሞት ፍርሃት ስትሰቃይ፣ እኔ ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል እያወቅኩ አፌን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ የሰጡኝንም ቀኖና ፈጽሜያለሁ። ይህን የምጽፈው ዛሬ እኔ በነበርኩበት ቦታ ላሉ፣ የታመመ ሰው ይዘው ከሆስፒታል ጸበል፣ ከጸበል ባለ መድኃኒት ቤት ለሚንከራተቱ ሰዎች ነው።

እቴቴ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስታርፍ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም እሷ ናት። ጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገረችም። ለምን እንደደበቀች ስጠይቃት «አያመኝም እኮ» ነበር መልሷ። የጡት ካንሰር በሀገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ሲጀምር አለማመሙ ያዘናጋል። የእቴቴም ናሙና ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነበር። መጀመሪያ ኬሞ፣ ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ጨረር ተባልን።

ጨረር ሲባል ልቤ ከዳኝ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በመላ ሀገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። በኋላ ጅማን በመሰሉ ከተሞች ቢከፈትም የወረፋው ወሬ ከሰው ጆሮ አልጠፋም። ወረፋ የሚጠብቅ ቤተሰብ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ የሆነ ነገር ማድረግ ይፈልጋል። እኔም የሆነ ነገር ማድረግ ፈለግኩ።

ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣም። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ምክሩን ይጀምራል። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር ትላለች፤ ሌላዋ ሽፈራው፤ ሌላው የግመል ወተት። አሜሪካ ያለ ዘመዳችን «ሰውነት ያጠራል» የተባለ እንክብል በሰው እጅ ላከልን። ሁሉም በፍቅር ነው። የዳነች ሴት ታሪክ የማያውቅ ጠያቂ አልነበረም፤ ያችን ሴት በዓይኑ ያየ ግን አላገኘሁም። ይህን ያኔ ማስተዋል ነበረብኝ።

ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር አንድ ባለ መድኃኒት ዘንድ የሄድኩት ለእቴቴ ሳልነግራት ነው። ሰውየው ደግ ነበር፤ በገንዘብም አላስጨነቀኝም። በጋዜጣ የተጠቀለለ አረንጓዴና ግራጫ የተቀላቀለበት ዱቄት ሰጠኝ። በማር ተለውሶ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ በባዶ ሆድ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው «መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ኃይሉን ያጣል» አለኝ። እቴቴ ኬሞ ላይ መሆኗን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ልለይ ስል አንድ ነገር ጨመረልኝ፦ «የፈረንጁም መድኃኒት ቢሆን ከቅጠልና ከሥር ነው የሚሠራው።» ያንን አባባል መንገዱን ሙሉ ይዤው መጣሁ።

እውነቱን ነው። እቴቴ ቀዩ ከሚባለው የኬሞ መድኃኒት በኋላ እንድትወስድ የታዘዘላት ፓክሊታክሰል መጀመሪያ የተገኘው ከአንድ የአሜሪካ ዛፍ ልጥ ነው። ለደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የማዳጋስካር አበባ ልጅ ነው። ከሁሉ የሚደንቀኝ የራሳችን ነው፦ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለት ነው፣ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ አጣጥ ከምንለው ቁጥቋጦ ወገን የሆነ ተክል ሰብስበው ወሰዱ። ከዚያ ተክል ሜይታንሲን የተባለ ካንሰር ገዳይ ንጥረ ነገር አወጡ፤ ግኝቱም በ1972 ታተመ። ለሰው ሲሰጥ ግን ታማሚውን ራሱን የሚመርዝ ሆነ፤ የሚጠቅመው መጠንና የሚጎዳው መጠን ተጠጋግተው ነበርና። ተጥሎ ቀረ። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ከእሱ የተሠራ ንጥረ ነገር የካንሰሩን ሕዋስ ለይቶ ከሚያገኝ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ፣ በ2013 ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

ከቅጠሉ እስከ መርፌው ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት የተሠራው ሥራ ምን ያህል፣ ለማን፣ ከምን ጋር የሚለውን ማወቅ ነው። እኔ በጋዜጣ ጠቅልዬ ያመጣሁት ዱቄት ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። ባለ መድኃኒቱ ስለ ቅጠል የተናገረው እውነት መሆኑ ያልተመዘነውንና ያልታወቀውን ዱቄት ደህና አያደርገውም። ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። መምህር ነኝ፤ ልጆች ያለ ማስረጃ እንዳያምኑ ሳስተምር ነው የኖርኩት።

ዱቄቱን ባመጣሁ ማግስት ጎህ ሳይቀድ በማር ለውሼ አቀረብኩላት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ከኬሞው ወዲህ የሽንኩርት ቁሌት እንኳ ሲሸታት ወደ ውጭ ትሮጥ ነበርና፣ ማንኪያውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ማንኪያውን ከመቀበሏ በፊት ግን የጠየቀችኝ ስለ ሽታው አልነበረም።

«ዶክተሩ ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ። ችግር የለውም ብሏል።»

ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው። እኔን ስላመነች ዋጠችው።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ኬሞ በሚሰጥበት ክፍል አንድ ባለሙያ አንዲትን ሴት «ወይ ጸበልሽን ወይ መድኃኒታችንን ምረጪ» ብሎ ሲቆጣት ሰምቻለሁ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ዝም አለች፤ ከዚያ በኋላ ለእሱ የምትነግረው ነገር እንደማይኖር ገባኝ። እንዲህ ያለ ቁጣ ሰውን ደብቆ እንዲያደርግ ያስተምራል፤ ሐኪሞች ይህን ቢያውቁት እወዳለሁ። ለእኔ ግን ሰበብ አይሆነኝም። የእቴቴ ሐኪም አንድም ቀን አልተቆጣንም። የዋሸሁት «አይሆንም» ቢለኝስ ብዬ ነው። መልሱን ስለገመትኩ ጥያቄውን ሸሸሁ።

ከአራተኛው ዙር ኬሞ በፊት ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ ለእሱም የሚሆን ቅጠል የሚያውቅ ሰው አልጠፋም። የደም ምርመራው ሲመጣ የጉበቷ ልኬት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀመጠና ወደ እሷ ዞረ። «እናቴ፣ እኛ ከሰጠንዎት ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ? የባህል መድኃኒት፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ከውጭ የመጣ እንክብል?»

እቴቴ እኔን አየችኝ። «ነግሬህ አልነበር» ብዬ የማስታውሰው እኔ እንድሆን ጠበቀች። እኔ ደግሞ ሐኪሙን አይቼ «የለም፣ ዶክተር» አልኩ።

ያኔ እንደዋሸኋት ገባት። አላጋለጠችኝም። ራሷን ዝቅ አድርጋ የነጠላዋን ጥለት ማፍተልተል ጀመረች። አሳድጋኛለችና በሰው ፊት ልታሳፍረኝ አልፈለገችም። እኔም በዚያ ተጠቀምኩ።

ከዚያ የሆነው ሁሉ የዚያ «የለም» ውጤት ነው። ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን የሚሉት፣ ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በጉበት በኩል ስለሆነ ጉበት ሲታመም መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቆማል፤ ስለዚህ ኬሞው ቆመ። የጉበት ቫይረስ ምርመራ ታዘዘ፤ ነፃ ሆነች። እንግዲያውስ ካንሰሩ ወደ ጉበት ተሠራጭቶ እንዳይሆን ተባለና አልትራሳውንድ ታዘዘ። ሐኪሙ የጎደለውን መረጃ ፍለጋ ይዞራል፤ መረጃው ግን አጠገቡ ቆሟል። ዱቄቱን በዚያው ቀን አቁሜዋለሁ። ማቆሜን ደግሞ እንደ ካሳ ቆጠርኩት።

አልትራሳውንዱ እስኪደርስ በነበሩት ሳምንታት እቴቴ መሞቻዋን ታሰናዳ ጀመር። አንድ ማታ ጠርታ የቤቱን ካርታ የት እንዳስቀመጠች አሳየችኝ፤ የዕድሩን ደብተር ሰጠችኝ፤ ያልለበሰችውን አዲስ ቀሚስ ለየትኛዋ የአክስታችን ልጅ እንደምሰጥ ነገረችኝ። ድምጿ አልተናወጠም። በየመሃሉ ግን በቀኝ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ በታች፣ በጣቷ እየነካች «እዚህ ነው መሰለኝ፤ ይሰማኛል» ትለኝ ነበር። በዚያች ማታ «እቴቴ፣ ምናልባት ዱቄቱ ይሆናል» ብል ኖሮ ግማሽ ሸክሟ ይወርድላት ነበር። አላልኩም። ደብተሩን ተቀብዬ ወጣሁ።

ከዚህ የከፋም አለ፤ ተናዝዤ ካልጨረስኩት ኑዛዜ አይሆንም። ኬሞው በቆመበት ሰሞን «እንዲያውም ይቅርባት፤ ጉበቷ ሲረጋጋ በዱቄቱ ብቻ እንቀጥል» ብዬ አስቤያለሁ። ኬሞው ሲያሰቃያት አይቻለሁ፤ ዱቄቱን ደግሞ በእጄ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ይህ ሐሳብ የብዙ ሰው መውደቂያ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ጃማ ኦንኮሎጂ» በተባለው መጽሔት የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከዘመናዊ ሕክምናቸው ጎን ሌላ ሕክምና የተጠቀሙ 258 ታማሚዎችን ካልተጠቀሙ 1,032 ታማሚዎች ጋር አነጻጽሯል። የተጠቀሙት የመሞት ዕድላቸው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግን ተጨማሪው ነገር ራሱ መርዝ ሆኖባቸው አልነበረም፤ ዋናውን ሕክምና እምቢ ማለታቸው ነው። ከእነሱ ውስጥ 34 በመቶው ኬሞን፣ 53 በመቶው ጨረርን እምቢ ብለዋል፤ ከሌሎቹ ግን ኬሞን እምቢ ያሉት 3 በመቶ፣ ጨረርን 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ተጨማሪው ቀስ እያለ ምትክ ይሆናል። እኔ ቤት ሊሆን አንድ እርምጃ ነበር የቀረው።

የአልትራሳውንዱ ውጤት ንጹሕ ሆነ። ጉበቷ ላይ ዕጢ አልነበረም። ሐኪሙ ግን ምክንያቱን ስላላወቀ ከዚህ በኋላ ደከም ያለ መድኃኒት እንደሚያዝላት ነገረን። ያን ጊዜ ነው አንጀቴ የተቆረጠው። እቴቴን በረንዳው ላይ አስቀምጬ ተመለስኩና ሁሉንም ነገርኩት።

አልጮኸብኝም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ወንበር አሳየኝና ጥያቄውን ቀጠለ፦ መቼ ጀመረች፣ ስንት ማንኪያ፣ መቼ አቆመች፣ የተረፈ አለ ወይ። የአሜሪካውን እንክብል ጭምር እንዳመጣለት አዘዘኝ። እያንዳንዱን በካርዷ ላይ ጻፈ። ዱቄቱ ነው ብሎ አልደመደመም፤ ኬሞውም ራሱ ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል፣ ሁለቱ ተደራርበውም ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። ከዚያ እርሳሱን አስቀምጦ «ይህን ባውቅ ኖሮ ስለ ጉበቷ ያንን ሁሉ አላስፈራራቸውም ነበር» አለኝ። ከዚህ ሌላ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣውም።

ያስረዳኝንም ልናገር። ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች ጉበት ውስጥ ይብላላሉ። አንዳንድ ቅጠል የጉበትን ሥራ ያፋጥነዋል፤ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጨርስ ይወጣል። አንዳንዱ ያዘገየዋል፤ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። አውሮፓውያን ለድብርት የሚጠቀሙበት ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ተክል አለ፤ ለአንጀት ካንሰር የሚሰጠውን አይሪኖቴካን ከሚወስዱ ሰዎች ጋር ሲሞከር፣ በደማቸው ውስጥ የሚሠራውን የመድኃኒቱን ክፍል በ42 በመቶ ቀንሶት ተገኝቷል። ታማሚው ኬሞውን ወስዷል፤ ሐኪሙም ሰጥቷል፤ ሁለቱም ግማሽ ያህሉ እንደጠፋ አያውቁም። ግሬፕ ፍሩት እንኳ፣ የሚበላ ፍሬ፣ የአንዳንድ መድኃኒቶችን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ስሙ የማይነገረው ዱቄት ከዚህ ሁሉ የትኛውን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል?

ጉበቷ ቀስ እያለ ተመለሰ። ፓክሊታክሰሉ ተጀመረ፤ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ፤ ጨረሩም ደረሳት።

ከዚያ ወዲህ ከሐኪሙ ተደብቆ ወደ አፏ የገባ ነገር የለም፤ የቀረባት ግን ከገመትኩት በጣም ያነሰ ነው። ዝንጅብሉን ለማቅለሽለሹ ፈቀደልን፤ በሻይ፣ በልክ። ስትችል በእግሯ እንድትንቀሳቀስ አዘዘ፤ ድካሟን ያቀለለላት እሱ ነው። ስለ ጸበሉ ስፈራ ስቸር ጠየቅኩት። ጸሎቷንና ጸበሏን እንዳትተው፣ ነጭ የደም ሕዋሷ በሚወርድባቸው ቀናት ብቻ ያልፈላ ውኃ እንዳትጠጣ ነገረን። ይህን ለንስሐ አባታችን ብነግራቸው «ታዲያ ይረጫታል፤ ምን ችግር አለው» አሉ። እኔ በሁለቱ መካከል ጦርነት አለ ብዬ ስሸሽ የኖርኩት በከንቱ ነው። በአቡነ ጳውሎስ ፕትርክና ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ ቤተ ክርስቲያኒቱ በይፋ ተናግራለች፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ለሐኪም ክብር ይሰጣል። ሐኪሙ ጸበሏን አልነጠቃትም፤ ጸበሉም እስከ መጨረሻው አብሯት ሄደ። ሰላም ሰጥቷታል። ያንን ሰላም ለማግኘት አንድም ውሸት አላስፈለገም።

ለእቴቴ ይቅርታ የጠየቅኳት ኬሞው እንደገና በተጀመረ ሰሞን ነው። «እኔም ዝም ብያለሁ እኮ» አለችኝ። ጥፋቱን ልትካፈለኝ ነው። አልተቀበልኳትም፤ ዛሬም አልቀበልም። እሷ የዋጠችው ሐኪሟ ፈቅዷል ተብላ ነው። የራሷን ሰውነት በተመለከተ የመምረጥ መብቷን ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ነግሬያት ልውሰድ ብትል የእሷ ምርጫ ይሆን ነበር፤ አልወስድም ብትልም እንደዚያው። ካንሰር ከታማሚ ብዙ ነገር ይወስዳል፤ እኔም ወንድሟ ሆኜ ጨመርኩበት።

ሁለት ዓመት ያህል ደህና ሆነች። ከዚያ አጥንቷ ላይ ተመለሰ፤ አረፈችም። ኬሞው የቆመባቸው ሳምንታት ለዚያ ምክንያት ሆነው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ሦስተኛ ደረጃ ካንሰር ሕክምናው አንድም ቀን ሳይቋረጥ ሊመለስ እንደሚችል፣ ለይቶ መናገር እንደማይቻል ነገረኝ። ገድለሃታል አላለኝም፤ አልገደልካትም ብሎም አላሰናበተኝም። በዚህ ልክ ተሸክሜዋለሁ።

እናንተ ታማሚ የያዛችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለታማሚያችሁ የምትሰጡትን ሁሉ፣ ዱቄቱንም፣ እንክብሉንም፣ ጠርሙሱንም፣ በፌስታል ይዛችሁ ሐኪሙ ክፍል ግቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። ቢቆጣችሁም ንገሩት፤ ቁጣው ያልፋል። ባለ መድኃኒቱንም ምን እንደሆነ ጠይቁት፤ ኬሞ ላይ መሆኗንም ንገሩት። ስሙን አልናገርም ካላችሁ ተቀብላችሁ አትውጡ።